የጋራዥ በር ቁልፍ ሲጠፋ መቀየር ያለበት የቱ ነው?

ጥያቄ፦ «የቤታችን ጋራዥ በር አንድ ወጥ የላሜራ በር ሆኖ ከታች ተይዞ ወደ ላይ የሚነሳ ነው። መሃሉ ላይ የሚዞር እጀታ አለው፤ የቁልፉ ቀዳዳም እጀታው ላይ ነው። የነበረን ቁልፍ አንድ ብቻ ነበር፤ ከሳምንት በፊት ጠፋብኝ፤ የት እንደጣልኩትም አላውቅም። በሩ እንደተቆለፈ መኪናችን ውስጥ ቀርቷል። ከቤት ወደ ጋራዡ የሚያስገባ ትንሽ በር ስላለ እኛ መግባቱ አልቸገረንም። አንድ ብረት ሠራተኛ በሩ በሙሉ ካልተቀየረ አይሆንም አለኝ። ጎረቤቴ በትራፓን ብሳው ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ ቁልፍ ሰሪ ጠርተህ አዲስ ቁልፍ ማስቀረጽ ይበቃል ባይ ነው። የማንን ልስማ? ራሴ ልሠራው የምችለውስ ነገር ነው?»

ምላሽ፦ የሦስቱንም ምክር ለጊዜው ያቆዩት። በሩ ጤነኛ ነው፤ መብሳትም አያስፈልግዎትም፤ አዲስ ቁልፍ ማስቀረጽም ብቻውን አይበቃም። መቀየር ያለበት እጀታው ከነሲሊንደሩ ነው። እርስዎ እንደገለጹት ዓይነት በር ላይ ደግሞ ይህ ዕቃ ከውስጥ በኩል በጥቂት ብሎኖች ታስሮ የሚቀመጥ ነው። ወደ ውስጥ መግባት መቻልዎ የችግሩን ግማሽ አቃልሎታል፤ ያንን ትንሽ በር ግን ከነዚህ ምክሮች አንዱም አላስታወሰውም።

ግራ መጋባቱ ከቃሉ ይጀምራል። እኛ «ቁልፍ» ስንል ኪሳችን የምንከተውንም፣ በሩ ላይ የተገጠመውንም ነው። ስልክ ደውሎ «ቁልፉ ተበላሸ» የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ «የትኛው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱ ሥራውን በሙሉ ይለውጠዋልና። ስለዚህ እዚህ ላይ ቁልፍ የምለው ኪስ የሚገባውን ብቻ ነው። ቁልፉ የሚገባበትን ትንሽ ክብ አካል ሲሊንደር እለዋለሁ። ሲሊንደሩን የያዘው፣ በእጅ የሚዞረው እጀታ ነው። በሩን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዙት ደግሞ ምላሶቹ ናቸው፤ በእርስዎ በር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ የላይ ማዕዘኖች ላይ ይቀመጣሉ፤ ከእጀታው ጀርባ በሚነሱ ሁለት ቀጫጭን ካቦዎች ወይም ዘንጎች ይሳባሉ።

ቁልፍ ሲጠፋ ከእነዚህ ውስጥ የተበላሸ አንድም የለም። እጀታው፣ ካቦው፣ ምላሱ እንደነበሩ ናቸው። ችግሩ ሲሊንደሩ ለማን እንደሚታዘዝ አለማወቅዎ ነው፤ ቁልፉ የማን እጅ እንደገባ አያውቁምና። ስለዚህ በር ማስቀየር አላስፈላጊ ወጪ ይሆናል። ቁልፍ ማስቀረጽ ደግሞ እርስዎን ያስገባል እንጂ ሌላውን አያስቀርም።

የእጀታ ሲሊንደር አውጥተው መዳፍዎ ላይ ቢያደርጉት ከአውራ ጣት አንድ አንጓ ብዙም አይበልጥም። ብዙዎቹ ጎናቸው ላይ ከነሐስ የተቆረጡ፣ እንደ ካርቶን የሳሱ ዝርግ ብረቶች በየስንጥቃቸው ብቅ ብለው ይታያሉ፤ እያንዳንዳቸውን ከሥር ቀጭን ሞላ ይገፋቸዋል። ቁልፉ ሲገባ ጥርሱ እያንዳንዱን ብረት በራሱ ልክ ያቆመዋል። ሁሉም ከሲሊንደሩ ገላ ጋር እኩል ሲሆኑ ሲሊንደሩ ይዞራል፤ አንዱ እንኳ ጥቂት ተርፎ ከቀረ አይዞርም። የቤት ዋና በር ላይ የምናየው ተለቅ ያለው ሲሊንደር በአንጻሩ በዝርግ ብረት ፋንታ ክብ ፒኖች አሉት። ሊነስ ዬል የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1861 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት አሠራር ነው፤ በመሠረቱ ዛሬም አልተለወጠም። ልዩነቱ ለእርስዎ የሚጠቅመው በዚህ ነው፦ ባለ ፒኑን ሲሊንደር ቁልፍ ሰሪው ከፍቶ ፒኖቹን በመለዋወጥ አሮጌው ቁልፍ እንዳይሠራ፣ አዲሱ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ይችላል። የእጀታው ትንሽ ሲሊንደር ግን ለዚህ ልፋት የሚበቃ ዕቃ አይደለም፤ አውጥቶ ሌላ ማስገባቱ ይቀላል።

ሌላም ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ባለ ዝርግ ብረት ሲሊንደሮች የሚሠሩበት የጥርስ ዓይነት ውስን ነው፤ የአንዱ ቁልፍ የሌላውን ሰው በር የሚከፍትበት አጋጣሚ አለ። ከዚህም በላይ በብዙዎቹ ፊት ላይ፣ ከቀዳዳው አጠገብ፣ ጥቃቅን ቁጥር ተመትቶበታል። ወንድምዎ ያሉት እዚህ ላይ እውነት አለው፦ ቁጥሩ ከተነበበ የኮድ ሰንጠረዡ ያለው ቁልፍ ሰሪ ናሙና ሳያስፈልገው ቁልፉን ቀርጾ ይሰጥዎታል። ይህ ግን ለእርስዎ ብቻ የተሰጠ ዕድል አይደለም። ቁጥሩ በውጭ በኩል፣ መንገድ ላይ ላለፈ ሰው ሁሉ የሚነበብ ነው። አዲሱ እጀታ ሲገዛም ቁጥሩን ወረቀት ላይ ገልብጠው ቤት ያስቀምጡ፤ ሲሊንደሩ ላይ ያለውን ማጥፋት ከቻሉ ያጥፉት። የቁልፍዎን ፎቶግራፍም ለማንም አይላኩ፤ ጥርሱ ጥርት ብሎ ከታየ በፎቶው ብቻ ቁልፍ መቅረጽ የሚችል ሰው አለ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ፤ ቁልፉ እንዴት ጠፋ? ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ እኔ ግን ውሳኔው በሙሉ እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ዓይንዎ እያየ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ወድቆ ከሆነ ማንም አያገኘውም፤ በቁጥሩ አዲስ አስቀርጾ መኖር ይቻላል። አድራሻዎ ካለበት ቦርሳ ወይም ከመኪና ሰነድ ጋር ከተሰረቀ ግን ነገ የሚባል ነገር የለም፤ የሚሠራው ዛሬ ነው። የእርስዎ ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ የት እንደቀረ አይታወቅም። ለእኔ «አላውቅም» ማለት «የሆነ ሰው እጅ ላይ አለ» ከማለት አይለይም፤ ቢያንስ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ።

ይህን የምለው ጋራዡ ወደ ቤት የሚያስገባ በር ስላለው ጭምር ነው። ሰው ዋናውን የቤት በር በጥሩ ሲሊንደር ይዘጋና ከጋራዡ በኩል ያለችውን ትንሽ በር በአንዲት ደካማ መቀርቀሪያ ይተዋታል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይቆልፋትም። ስለዚህ የዛሬ ማታ ሥራዎ ገበያ መውጣት አይደለም፤ ያችን ትንሽ በር መቆለፍ ነው። መቆለፊያ ከሌላት ከቤት በኩል መሸጎሪያ ይግጠሙላት። ጋራዡ ውስጥ ያለ መሰላልና የብረት ዘንግም በዚያው ይነሳ፤ ትንሿን በር ለመስበር የሚያገለግል መሣሪያ እዚያው ማስቀመጥ አይገባም።

ቁልፉን ግን አንድ ጊዜ እንደገና ይፈልጉት። አንድ ደንበኛዬ በሩን አስቆርጦ ከጨረሰ በኋላ ቁልፉ በተቀደደ የኮት ኪሱ በኩል አልፎ ገበሩ ውስጥ ተገኝቷል። ኮቱን በእጁ ይዞ ጫፉን ሲዳስስ ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። የኮትና የቦርሳ ገበር፣ የመኪናው መቀመጫ ሐዲድ ሥር፣ ያለፈው ሳምንት የታጠበ ልብስ ኪስ፣ ሌላ በር ላይ እንደተሰካ የቀረ የቁልፍ መያዣ፤ እነዚህን ይፈትሹ። ቢያገኙት እንኳ እጀታውን መቀየሩ አይቀርም፤ ሳምንቱን ሙሉ የት እንደነበረ እርግጠኛ ከሆኑ ብቻ ይተዉት። ቁልፉ በእጅዎ ካለ ግን ሥራው በጣም ይቀላል፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ።

ስለ መብሳት። ጎረቤትዎ ክፉ አልመከሩም፤ ግን ሌላ መግቢያ ለሌለው ሰው የሚሰጥ የመጨረሻ ምክር ነው። የእነዚህ እጀታዎች ገላ አብዛኛውን ጊዜ ከዚንክ ቅይጥ የተቀለጠ ነው፤ ለትራፓን የለሰለሰ ይመስላል እንጂ ፑንታው ሲነክሰው ይሰነጠቃል። ከእጀታው ወደ ውስጥ የሚያልፈው የመሃሉ ዘንግ ከተሰበረ ደግሞ ካቦዎቹን የሚስብ ነገር ከውጭ አይቀርም፤ በሩ ከበፊቱ ይልቅ የተዘጋ ይሆናል። ሌላው ጉዳይ ጋራዥ ነዳጅ ያለበት ቦታ መሆኑ ነው። የሚያፈስ ጄሪካን፣ ቤንዚን የነካ ጨርቅ፣ የባትሪ ጋዝ ባለበት ዝግ ክፍል ብረት መብሳት፣ ይልቁንም በግራይንደር መቁረጥ፣ የእሳት ብልጭታ መጋበዝ ነው። የነዳጅ ሽታ ካለ ምንም የኤሌክትሪክ መሣሪያ አይነሳም።

ሌላ መግቢያ የሌለው አንባቢ ቢኖርም ከመብሳቱ በፊት ቁልፍ ሰሪ ይጥራ። ከእነዚህ ትናንሽ ሲሊንደሮች አብዛኛዎቹን የሠለጠነ እጅ ሳይሰብር ይከፍታቸዋል። በስልክ «ሳይበሱ ለመክፈት ይሞክራሉ ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ገና ሲሊንደሩን ሳያይ ትራፓን የሚያነሳውን ይመልሱት። ደህና ባለሙያ ደግሞ ቤቱ የእርስዎ መሆኑን ማስረጃ ይጠይቅዎታል። በዚህ አይቀየሙ፤ ሌላ ሰው በእርስዎ በር ቆሞ ቢጠራውም ይህንኑ ይጠይቅልዎታል። መብሳት ግድ ከሆነ የሚበሳው ሲሊንደሩ ብቻ ነው፤ ላሜራው አይነካም። የዓይን መከላከያ መነጽር ይደረጋል፤ መሃሉ ላይ በምስማር ጫፍ ምልክት ይመታበታል፤ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ በዝግታ ተጀምሮ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይታለፋል። ውስጡ ያሉት ዝርግ ብረቶች ተሰባብረው ሲወጡ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ አስገብቶ ማዞር ነው።

ለእርስዎ ግን መንገዱ ሌላ ነው። በትንሿ በር ይግቡ፤ መብራት ያብሩ፤ የመኪናውን ሞተር ግን በሩ ተከፍቶ እስኪያልቅ አያስነሱ፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የሚወጣው ጭስ ሳይታወቅ ይገድላል። በሩን የሚያነሳ የኤሌክትሪክ ሞተር ካለ ከሶኬቱ ይንቀሉት። ከዚያ ከበሩ ፊት ይቁሙና በዓይን ብቻ ያንብቡት፤ እጅዎን ገና አያስገቡ።

ሁለት ዓይነት ካቦ ያያሉ። ከእጀታው ጀርባ ተነስተው ወደ ማዕዘኖቹ የሚሄዱት ቀጫጭኖቹ የምላሶቹ ናቸው፤ የእርስዎ ጉዳይ ከነሱ ጋር ነው። በሁለቱ ጎን ከበሩ ታች ወደ ላይ የሚወጡት ወፈር ያሉት ግን የበሩን ክብደት የተሸከሙ፣ ከትልቁ ሞላ ጋር የተያያዙ ናቸው። እነዚህን፣ ሞላውን፣ ሞላውን የያዙትን ብሎኖችም ሆነ ከበሩ ታች ጥግ ካቦው የታሰረበትን ብረት በምንም ምክንያት አይፍቱ፤ አይሞክሩም። የጋራዥ በር እንደ ስፋቱና እንደተሠራበት ነገር ከ100 ኪሎ ግራም ሊያልፍ ይችላል፤ በአንድ እጅ የሚነሳው ሞላው ያን ክብደት ተጠምዝዞ ወይም ተወጥሮ ስለያዘልዎ ነው። ያ ጉልበት በአንድ ብሎን ሲለቀቅ ጣት ይቆርጣል፤ ከዚያም የከፋ ያደርጋል። ስለዚህ የሞላውን ጥምዝ ከዳር እስከ ዳር ይዩት፤ መሃሉ ላይ ተበጥሶ ክፍተት ካለ፣ ወይም ከወፍራሞቹ ካቦዎች አንዱ ላልቶ ከተንጠለጠለ ሥራውን እዚያው አቁመው የበር ሞላ የሚሠራ ባለሙያ ይጥሩ። እንዲህ ያለውን በር ምላሱን ማላቀቅ ከባድ ብረት ራስ ላይ መልቀቅ ነው።

ሞላው ደህና ከሆነ ቀጫጭኖቹን ካቦዎች ሁለቱንም በአንድ ላይ ወደ እጀታው አቅጣጫ ይሳቡ። ምላሶቹ ከፍሬሙ «ቀጭ» ብለው ሲወጡ ይሰማዎታል፤ አንድ ሰው አጠገብዎ ሆኖ የበሩን ታች ቀስ ብሎ ይግፋ። አንዳንዱ እጀታ ከጀርባው በጣት የሚገፋ ትንሽ ማስለቀቂያ አለው፤ ካለ ካቦ መሳብም አያስፈልግም። ምላሱ ዝጎ እምቢ ካለ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነክተውለት ሩብ ሰዓት ይታገሡት፤ በመዶሻ አይምቱት። በሩ ሙሉ በሙሉ ከተነሳ በኋላ በራሱ እንዳይወርድ ከሥሩ ጠንካራ እንጨት ያቁሙለት።

እጀታውን ከመፍታትዎ በፊት ጀርባውን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ከሩቅ አንድ፣ ከቅርብ ሁለት። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ የቀኙ ካቦ የቱ መንጠቆ ላይ እንደነበረ አንድ ሰዓት ቆይቶ የሚያስታውስ ሰው የለም። ካቦዎቹን ከመንጠቆአቸው ያውጡ፤ «ቀኝ» እና «ግራ» ብለው ፕላስተር ይለጥፉባቸው። ብሎኖቹን ሲፈቱ የውስጡ ዕቃ ይወጣል፤ የውጭው እጀታ አራት ማዕዘን ዘንጉን እንደያዘ ወደ ውጭ ይሳባል። አለቀ፤ በሩ ላይ አንድ ጭረት የለም።

እዚህ ላይ ነው «ቁልፉ ቢኖር ይቀል ነበር» ያልኩት። በብዙ እጀታዎች ሲሊንደሩ ብቻውን ይወጣል፤ አንገቱ ጎን ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ የምትያዘውን ፒን በመጫን ነው። ይህ የሚሆነው ግን ቁልፉ ገብቶ በተወሰነ አንግል ሲዞር ብቻ ነው። ያለ ቁልፍ ሲሊንደሩ አይለቅም፤ በፒንሳ ይዘው ቢታገሉ እጀታውን ይሰብሩታል። ስለዚህ ሁለት ምርጫ አለዎት። አንደኛው የተፈታውን እጀታ ለቁልፍ ሰሪ ወስደው በቁጥሩ ቁልፍ አስቀርጾ፣ በዚያ ሲሊንደሩን አስወጥቶ፣ አዲስ ሲሊንደር ማስገባት ነው። ሁለተኛው እጀታውን ከነሲሊንደሩ አዲስ መግዛት ነው። ሁለተኛውን ይምረጡ። ዓመታት ዝናብና ፀሐይ የበላው የዚንክ እጀታ ላይ አዲስ ሲሊንደር መክተት የድካሙን ያህል አይጠቅምም፤ ዘንጉም ውስጡን ውስጡን ተበልቶ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው የሚያዋጣው እጀታዎ ከበሩ ጋር የተሠራ ልዩ ዓይነት ሆኖ መሳዩ ካልተገኘ ብቻ ነው።

ለግዢ ሲወጡ አሮጌውን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘውት ይሂዱ። ስፋት በቃል አይነገርም። መጀመሪያ የዘንጉ ውፍረት ይለካ፤ በብዛት 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ምንም አይደለም የሚል ሻጭ ያጋጥምዎታል፤ አይስሙት። ለ8 በተሠራ ቀዳዳ የ7 ዘንግ ሲገባ እጀታው ይንገዋለላል፤ ዙሩ ከፊሉ በባዶ ስለሚያልፍ ምላሶቹ እስከ መጨረሻው አይሳቡም። ቀጥሎ የዘንጉ ርዝመት ነው፤ የረዘመውን በሰጌቶ መቁረጥ ይቻላል፤ ያጠረውን ግን ማስረዘሚያ የለውም። ከዚያ የብሎን ቀዳዳዎቹ ከመሃል እስከ መሃል ያላቸው ርቀት፣ በመጨረሻም የእጀታው መቀመጫ በሩ ላይ ያለውን ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ መሸፈኑ ይታያል። አራቱ ከገጠሙ የፋብሪካው ስም ቢለያይም ግድ የለም።

የሌላ አንባቢ በር እጀታው ሥር ረዘም ያለ፣ ከታች ጠፍጣፋ ከላይ ክብ የሆነ ሲሊንደር ካለው ያ የአውሮፓ ቅርጽ የሚባለው ነው፤ ጋራዥ ላይ ብዙ ጊዜ ግማሹ ብቻ ይገጠማል። እሱ የሚለካው ከያዘችው ብሎን መሃል ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ነው፤ 30 በ10 ከተባለ ጠቅላላው 40 ሚሊ ሜትር ነው። ከመሸፈኛው ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውጭ እንዳይተርፍ፤ ሌባ የተረፈውን በፒንሳ ይዞ ይሰብረዋል። ሲገዙ በአውሮፓ የሲሊንደር ደረጃ፣ ኢኤን 1303፣ የተፈተነና መብሳትንም መሰበርንም የሚቋቋም መሆኑን ይጠይቁ።

መግጠሙ የመፍታቱ ግልባጭ ነው፤ እጀታው፣ ዘንጉ፣ የውስጡ ዕቃ፣ ብሎኖቹ፣ ካቦዎቹ። ብሎኖቹን ሁሉንም በልል አስገብተው እጀታው እየተዞረ እያለ ቀስ በቀስ ያጥብቁ፤ አንዱን መጀመሪያ አጥብቀው ሌላውን ቢከተሉት ዘንጉ ዘመም ብሎ ይነክሳል። ካቦው ሲታሰር ትንሽ ልል ይሁን፤ ከተወጠረ ምላሶቹ ሳይታዘዙ ይሳባሉ።

አሁን ከሁሉም በላይ የምጠነቀቅበት ላይ ደረስኩ። አዲሱን እጀታ በሩ እንደተከፈተ ይፈትኑት። ቁልፉን አሥር ጊዜ ይዝጉ፣ ይክፈቱ፤ እጀታውን ያዙሩ፤ ሁለቱም ምላሶች እኩል መግባትና መውጣታቸውን በዓይንዎ ይዩ። ካቦ ታስሮ ይሁን ላልቶ፣ ዘንግ አጥሮ ይሁን በቅቶ የሚታወቀው ያኔ ነው። አዲስ እጀታ ገጥሞ ደስ ብሎት በሩን «ጧ» አድርጎ የዘጋ ሰው ጠርቶኝ ያውቃል፤ ዘንጉ አንድ ሴንቲ ሜትር አጥሮ ስለነበር ከውጭ እጀታው በባዶ ይዞራል፤ ሌላ መግቢያ ደግሞ የለውም። ቁልፉ በእጁ እያለ በሩን አስቆርጦ ገባ። ከተፈተነ በኋላ የመጀመሪያው መዝጋት አንድ ሰው ውስጥ፣ አንድ ሰው ውጭ ሆኖ ይደረግ።

ለአዲሱ ሲሊንደር ቅባት ካስፈለገ ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ወይም ቴፍሎን ያለው ደረቅ የሚረጭ ቅባት ይበቃዋል። የወጥ ቤት ዘይት፣ የሞተር ዘይት፣ ግሪስ አይግባበት፤ አቧራውን ይዞ ይጋገርና ትናንሾቹ ሞላዎች መግፋት ይሳናቸዋል። «ቁልፉ አልዞር አለ» ተብዬ ከምጠራባቸው ሲሊንደሮች ስንቱን ስከፍት ያገኘሁት ይህንኑ ጥቁር ጭቃ ነው።

ከቁልፉ ጋር የበር ሪሞት ጠፍቶ ከሆነ እጀታውን መቀየር ግማሽ ሥራ ነው። የሞተሩ መቀበያ የጠፋውን ሪሞት ዛሬም ያውቀዋል። በብዙ ሞተሮች ላይ ሪሞት የሚያስተዋውቁበትን መጫኛ መብራቱ እስኪጠፋ ተጭነው ሲይዙት የተመዘገቡት በሙሉ ይሰረዛሉ፤ ከዚያ በእጅዎ ያሉትን ብቻ እንደገና ያስመዘግባሉ። አሠራሩ ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ መመሪያውን ያንብቡ። ሞተር ያለበትን በር እጀታ የሚቀይር ሰው አንድ ነገር ይጨምርበት፤ በእጅ የሚቆለፈው ምላስ ተቆልፎ እያለ ሞተሩ ከሳበ የሚሸነፈው ላሜራው ነው፤ ተጣጥፎ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ሞተር ሲገጠም የእጅ ምላሶቹ ካቦ ይፈታል፤ ወይም ሲቆለፍ ሞተሩን የሚያጠፋ ማብሪያ ይገጠማል።

ተጠቅላይ በር ላይ ቁልፍ የጠፋበት ሰው ደግሞ ጎንና ጎን ያሉት ሁለቱ መቆለፊያዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ቁልፍ የሚከፈቱ መሆኑን አይርሳ፤ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ። በጋን ቁልፍ የሚዘጋ ባለ ሁለት ተካፋች በር ላለው ነገሩ ቀላል ነው፤ ጋን ቁልፉ ተቆርጦ ሌላ ይገባል። ያኔ ጋን ቁልፉ የሚንጠለጠልበትን ቀለበትም ይፈትሽ፤ ብሎኖቹ ከውጭ በካቻቪቴ የሚፈቱ ከሆነ የቱንም ያህል ወፍራም ጋን ቁልፍ ቢገዛ ዋጋ የለውም።

ብረት ሠራተኛው ስላሉት ደግሞ፤ በር በሙሉ የሚቀየርበት ጊዜ አለ። የላሜራው ታች በዝገት ከተበላ፣ ፍሬሙ ጠምሞ ምላሱ ጉድጓዱን ካላገኘ፣ ወይም በሩ በኃይል ተገፍቶ ምላሱ የሚይዝበት ብረት ከተቀደደ እጀታ መቀየር አይጠቅምም። ከጻፉልኝ ውስጥ ይህን የሚያመለክት ነገር አላየሁም። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ግን ምንም ከመንካትዎ በፊት ለባለቤቱ ይንገሩ፤ አንድ ቁልፍም ለእሱ ይቀመጣል።

ራሴ ልሠራው እችላለሁ ወይ ላሉት፤ ሞላው ደህና ከሆነ፣ ካቻቪቴ መያዝ የሚያውቁ ከሆነና አንድ ሰው የሚያግዝዎ ከተገኘ አዎን። ልኩ ትክክል የሆነ እጀታ በእጅዎ ካለ የአንድ ሰዓት፣ ቢበዛ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። ከእጀታው ጋር ሁለት ቁልፍ ይመጣል፤ ያንኑ ቀን ሦስተኛ ያስቀርጹ። ቅጂው ሁልጊዜ ከዋናው ይቀረጽ እንጂ ከቅጂ ቅጂ አይሁን፤ በየቅጂው ጥርሱ ትንሽ ትንሽ እየሳተ ይሄዳል። አንዱን ኪስዎ ይያዙ፤ አንዱን ቤት ውስጥ፣ ከጋራዡና ከመኪናው ውጭ ያስቀምጡ፤ ሦስተኛውን ሌላ ቤት ለሚኖር ዘመድዎ ይስጡ፤ ለወንድምዎም ቢሆን። አንዱም ላይ አድራሻ አይጻፍበት። ሦስቱንም ከማከፋፈልዎ በፊት በሩ እንደተከፈተ እያንዳንዳቸውን አስገብተው ያዙሯቸው፤ ያልተሞከረ ቁልፍ ይዞ የሚቀመጥ ሰው አይኑር።